ድምፅ የሌለው ሣጥን

«ይሄም ይጮኻል።»

ሴትዮዋ የኮምፒውተሩን ማራገቢያ ከጆሮዋ አርቃ ባንኮኒው ላይ መለሰችው። ባለሱቁ ለሙከራ ያስነሣላት አራተኛው ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ከጮኸማ ቢራቢሮም ትጮኻለች» አለ። ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬ የት ሄደ ከሚሉት ወገን። «ለመሆኑ ምን ሊሠሩበት ነው? ጌም የሚጫወት ልጅ አለ?»

«ልጅ የለም። እተይብበታለሁ። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ።»

«ለትየባማ ምን አደከመን! ከማሽኑ ይልቅ የሚጮኸው የእርስዎ ጣት ነው።»

«ጣቴን ሳቆመው ይቆማል» አለች።

ከቦርሳዋ ሁለት ቦታ የተቋጠረ ቁራጭ ፋሻ አወጣች። «ወርዱ እስከዚህኛው ቋጠሮ፣ ቁመቱ እስከዚህኛው። ከዚያ አይበልጥ።»

አንደኛው ቋጠሮ አልጋው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ፣ በመድኃኒት ጠርሙሶቹና በውኃ ብርጭቆው መካከል የቀረው ቦታ ነው። ሁለተኛው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በሣጥኑ አናት ላይ የባሏን ፊት ማየት የምትችልበት ልክ ነው። ይህን አልነገረችውም። ባለሱቁ ፋሻ መሆኑን አየ፤ ቀና ብሎ እሷንም አየ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉትን የኮምፒውተር ሣጥኖች በፋሻው አንድ በአንድ ይለካ ጀመር።

«ይቺ ትገባለች። መዝገበ ቃላት ነው የምታክለው። ግን ትንሽ ቤት ቶሎ ይሞቃል፤ ማራገቢያ የግድ ነው። ቀስ ብሎ የሚዞረውን እገጥምልዎታለሁ። ደግሞ በሁለት ቀን ይለምዱታል፤ ጆሮዎ ጭራሽ ይረሳዋል።»

«ለምጄው ነው እኮ የመጣሁት!»

ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ባለሱቁ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

ሐኪሞቹ ባሏን «እቤቱ ይሁን» ብለው ከሸኟቸው ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። አሮጌውን ኮምፒውተር ራስጌው አጠገብ ያደረገችው አንድ ጆሮዋ እሱ ላይ ሆኖ እንድትሠራ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ፀሐይ እየገባ ትተይብ ነበር። ትንፋሹ ከጎኗ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ትንሽ ሻከር ብሎ እንደገና ከፍ ይላል። ዛሬስ ደህና ተኛልኝ አለች በልቧ። በዚያ ትንፋሽ አሥራ አንድ ገጽ ተየበች።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ትንፋሹም አብሮ ጠፋ።

ዘወር ስትል ባሏ ከትራሱ ተንሸራትቶ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ብብቱ ሥር ገብታ ቀና ስታደርገው፣ ከስንት ዘመን በኋላ እንደሚመስል፣ አንዴ አየር ሳበ። ስትሰማው የነበረው የኮምፒውተሩን ያረጀ ማራገቢያ ነው። ባሏ ከየትኛው ገጽ ጀምሮ እንደዚያ እንደነበረ ዛሬም አታውቅም።

«የታመመ ሰው አለ» አለች። «እሱን መስማት አለብኝ።»

«ባለቤትዎ?»

«አዎ። ሌላ የማይጮኽ ካለ ያሳዩኝ።»

ባለሱቁ አራቱን ማራገቢያዎች ሰብስቦ ካርቶናቸው ውስጥ ከተተ። ወደ ጓዳ ሊገባ ሲል ስልኳ ጮኸ፤ የባሏ እህት ናት።

«አንቺ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሥራ ልገባ አይደል እንዴ?»

«መጣሁ። እየተነፈሰ ነው?»

«ተኝቷል።»

«ተኝቷል አትበይኝ! እጅሽን አፍንጫው ሥር አድርጊ። መዳፍሽን። አሁን።»

ጠበቀች። ባለሱቁም በሩ ላይ ቆሞ አብሯት ጠበቀ።

«ይሞቃል» አለች የባሏ እህት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ኧረ አለ፣ እህቴ። አለ።»

ባለሱቁ ከጓዳ የሚገጠሙትን ዕቃዎች ይዞ ሲመለስ ጨዋታውን ትቶ ነበር። «ፕሮሰሰሩ፣ አንጎሉ ማለት ነው፣ ደካማ ነው፤ ለእርስዎ ሥራ ግን ይበቃል። ሙቀቱን ይሄ ብረት ይወስድለታል» አለ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣ ከባድ ብረት እያሳያት። «ኤሌክትሪኩን እንደ ላፕቶፕ ከውጭ በቻርጀር ነው የሚያገኘው። ፋይል የሚያስቀምጠው የድሮው ሃርድ ዲስክ ስለሚሽከረከር፣ በእሱ ፈንታ የማይዞረውን ኤስኤስዲ እናድርግበት። ከዚያ ወዲያ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ምንም ነገር የለም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ገጣጠመው። ብሎኑን ባጠበቀ ቁጥር ሰዓቱን ቀና ብሎ ያይላታል። ጨርሶ የመንገዱን በር ዘጋ፤ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ አጠፋ፤ የሣጥኑን ቁልፍ ተጫነ። ትንሽ ሰማያዊ መብራት በራች፤ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዳመጡ።

«አላልኩዎትም? የሞተ ነው የሚመ—» አለና ከንፈሩን ነከሰ።

አልቀየመችውም። የመጣችው ለዚህ ነው። ያ አሮጌ ውሸታም አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ሰላም ሰጥቷት ነበር። ይሄኛው ግን አይዋሽም። አጠገቡ ተቀምጣ ስትተይብ፣ የሚቆመው ነገር ሲቆም፣ ልክ በቆመበት ቅጽበት ትሰማዋለች።

«እትዬ፣ ልጠቅልልዎት?»

መዳፏን ከሣጥኑ ቀዳዳዎች ፊት፣ ጣቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ እቤት ከባሏ አፍንጫ ሥር እንደምታደርገው አኖረች። ምንም አልመጣም። ባለሱቁ ካርቶኑን ከፍቶ ይጠብቃታል። እሷ ግን እጇን አላነሣችም።