ከኋላ የተመታው ሰውዬ

ሥራዬ በየቀኑ አንድ ሰው መግደል ነው። እስከ ዛሬ፣ ሟቹን ጨምሮ፣ ቅር ያለው የለም። የጥንት ሰዎች ይኖሩበት የነበረውን ዋሻ አስጎብኝቼ ስጨርስ እንግዶቹን ወደ ትንሿ ሙዚየማችን አስገባለሁ። ከዋሻው የተገኘውን የራስ ቅል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ በድንጋይ መጥረቢያ ከኋላው ባዶ አየር እመታለሁ። «ገዳዩ እንዲህ አድርጎ ነው የዘረረው» እላለሁ። ከዚያ ደፈር ያለ እንግዳ ጣቱን ከቅሉ ኋላ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ይከታል። እስከ ሁለተኛው አንጓ ይገባል።

ዛሬ የመጣችው ተማሪዎቿን ያስከተለች አስተማሪ ነበረች። እንደ ልማዴ አስረዳሁ።

«አጥንት የሚገጥመው ባለቤቱ በሕይወት ካለ ነው። ይኼ ግን አልገጠመም፤ እዚያው ነው የቀረው።»

መጥረቢያውን አንስቼ ከሌላው ቀን በርታ አድርጌ ሰነዘርኩ። ልጆቹ ሳቁ።

አስተማሪዋ ጣቷን ሰደደች። ቅሉን አገላበጠችው።

«ጋሼ፣ ቀዳዳው የታለ?»

«ከኋላ ነው፣ ልጄ።»

ተቀብያት ዳሰስኩት። ጠዋት አቧራውን ስጠርግ የነበረው ቀዳዳ ድፍን ብሏል። ቦታው ላይ እንደ ቆየ ጠባሳ የሚጎረብጥ ነገር አለ።

«ድኗል ማለት ነዋ» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ተቋረጠ። የምታየው መጥረቢያውን ነበር። ስለቱ ላይ ሽበት ተጣብቋል።

«ጋሼ፣ ኮሌታዎ...»

ኮሌታዬ ሞቆ ርሷል። እጄን ወደ ማጅራቴ፣ ከዚያም ከፍ አድርጌ ሰደድኩ። ጣቴ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ።