የአቴናው ጋቢ

«ባልሽ አቴና ላይ አገሬውን መስሏል አሉ» ትላት ነበር ጎረቤቷ ጥላዬ ባገኘቻት ቁጥር። «ማታ ማታ አንቺ የፈተልሽለትን ጋቢ ለብሶ ከግሪኮቹ ጋር ይንሸራሸራል። ገበያ የለ፣ ማኅበር የለ፣ እንዲያው መሄድ!» አመለወርቅ ለትምህርት የተላከ ባሏን ጠብቃ ጠብቃ፣ በእልህ ከማትወደው ሽማግሌ ጋር ሰማንያ ተፈራረመች።

ሚዜዎቹ በቅሎ ላይ ሲያወጧት ያ ጋቢ ከመካነ ኢየሱስ መንገድ ብቅ አለ። የገዛ እጇን ሥራ ልትስተው ኖሯል? ልጓሙ ከእጇ ወደቀ። ሲቀርብ ግን ከጋቢው በላይ ያለው ፊት የሌላ ሰው ነበር።

«አብሬው የተማርኩ ነኝ፣ እህቴ» አለ፣ ጋቢውን ለለቅሶ አዘቅዝቆ። «መርዶ በወረቀት አይነገርም ብዬ ትምህርቴን እስክጨርስ ቆየሁ። እሱ በሄድን በዓመቱ አረፈ። ማታ ማታ ሲንሸራሸር የታየው እኔ ነበርኩ።»