ያልተገለበጠችው

ቀራጩ መሮውን እንጨቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል የሟቹ ሠዓሊ ሚስት በሩን ገፍታ ገባች። የሐዘን ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም። «ሙሴ ቫሎን፣ ይቺን እንኳ ይተዉልኝ። ባሌ ሃያ ዓመት ሙሉ እንጨት ላይ ሣለ፤ እርስዎ ሃያ ዓመት ሙሉ ፍቀው፣ እፍ ብለው በተኑት። ከእጁ ሥራ ቤቴ የቀረ አንዲት ጭረት የለም።»

«ምን ላድርግ፣ ማዳም? በሥዕሉ መስመር ዙሪያ እንጨቱን ካልፋቅሁት አይታተም። ከሴን ወንዝ ማዶ ያለው አታሚ መጽሐፉን ጨርሶ ይቺን ብቻ ነው የሚጠብቀው» አለና መዳፍ የምታክለውን ጣውላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራት። በእርሳስ የተሳለችው የሚታተመው ልብ ወለድ ሙሽራ ነበረች፤ መልኳ ግን ፊቱ የቆመችው ሴት መልክ ነው፤ ከግራ ዓይኗ ሥር ማርያም የሳመቻት ምልክት እንኳ አልቀረም። ሥዕሏን አየ፣ ቀና ብሎ ሴትየዋን አየ፣ እንደገና ሥዕሏን አየ። እንጨት ላይ ያለ መልክ ሲታተም ቀኙ ግራ ስለሚሆን፣ ሟቹ ሁልጊዜ ገልብጦ ነበር የሚሥለው፤ በሃያ ዓመት አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ይቺን ግን አልገለበጣትም። ምልክቷ በትክክለኛ ቦታዋ፣ ከግራ ዓይኗ ሥር ነበረች።

ቀራጩ መሮውን አስቀመጠ። ጣውላዋን በመሐረቡ ጠቅልሎ ሰጣት።

«መጽሐፉስ?» አለች ሴትየዋ፣ ማመን አቅቷት።

«የመጽሐፉንማ ሳይሥል ነው የሞተው፣ ማዳም።»