ጠርሙስ ለቃሚዋ ተማሪ

የአሥረኛ ክፍሏ ተማሪ ያገለገለ ፕላስቲክ መሰብሰብ የጀመረች ሰሞን ክፉ ያሰበባት ሰው አልነበረም። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ማይክሮፎን ይዛ ወጣችና፣ የምንጥለው ጠርሙስ ቀልጦ ባልዲም ወንበርም ሊሆን እንደሚችል ተናገረች። ርዕሰ መምህሩ አጨበጨቡ። ከቀለም ፋብሪካ የተለመኑ ባዶ በርሜሎች በየኮሪደሩ ቆሙ፤ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለፕላስቲክ፣ አንዱ ለጣሳ። ተማሪው መጀመሪያ ሳቀባት፤ «ቆራሌዋ» ብሎ ስም አወጣላት። ቆይቶ ግን ጠጥቶ የጨረሰውን ጠርሙስ ሜዳ ላይ መወርወር እያፈረ መጣ።

ከዚያ ሥራው ወደ ሰፈር ወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎች ጆንያ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ተደፍኖ መንገዱን ያጥለቀልቅ የነበረው ቦይ እንኳ ውሃ ማሳለፍ ጀመረ።

መጀመሪያ የተጠራጠረችው ልብስ ሰፊዋ ናት። የሱቋ መስኮት መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያሳያል። እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ ዓይኗ ሥራ ፈት ነበር።

«ሌሎቹ ቅዳሜ መጥተው ጆንያቸውን ሞልተው ይሄዳሉ» አለች፣ ጎረቤቷ ለሆነው ፀጉር አስተካካይ። «እሷ ግን በየቀኑ ናት። ከትምህርት በፊት አለች፣ ከትምህርት በኋላ አለች። ይዛ የምትወጣው ደግሞ አንዲት ጠርሙስ!»

«ትጉህ ልጅ ናታ።»

«ትጉህ? ያ ልጅ የበዛበት ቤት ጠርሙሱ በአጥሩ ላይ እየፈሰሰ ዘላው ታልፋለች። የማንን በር እንደምታንኳኳ ታውቃለህ? የጡረተኛዋን ነርስ። የሽማግሌውን ሰዓት ሠሪ። የዚያችን ዓይኗ የደከመ ሴትዮ። ሁሉም ብቻቸውን የሚኖሩ!»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቆመ። «እነሱ ደግሞ ምን ጠርሙስ አላቸው?»

«እኮ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ልብስ ሰፊዋ ልትፈትናት ቆረጠች። ነርሷን አግባብታ ፌስታል ሙሉ ጠርሙስ ከደጃፍ አስቀመጠች፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከግንቡ ጥግ ቆማ ጠበቀች። ልጅቷ መጣች። ፌስታሉን አየችው። አላነሳችውም፤ በሩን አንኳኳች።

«ደጅ አስቀምጬልሽ የለ?» አሉ ነርሷ በሩን ከፍተው።

«ከእጅዎ ነው የምቀበለው፣ እማማ።» አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ተመለከተች። «መታጠቢያ ቤቱ አምፖል ገባለት? ማታ ሲተኙ በሩን ከውስጥ ነው የሚቆልፉት? ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው አለ?»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቁልፍ ጠየቀች!» አለች፣ እየሮጠች ወደ ፀጉር አስተካካዩ ገብታ። «በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«አያቷ ካረፉ ወዲህ እኮ ነው እንዲህ የሆነችው» አለ እሱ። «ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት መሞታቸውን ጎረቤት እንኳ የሰማው ከቀናት በኋላ ነው። አሁን የሚቆጣት የለም።»

«ከኋላዋ የላካት ጎረምሳ አለ። እሷ ታጠናለች፣ እሱ ይገባል።»

ነገሩ ርዕሰ መምህሩ ጆሮ ደረሰ። ልጅቷን ቢሯቸው አስጠሯት። የተሰበሰበው ወረቀት ታስሮ ከግድግዳው ሥር ተደርድሯል፤ የእሷው ሥራ ነው።

«ልጄ፣ ሰው ቤት በየቀኑ የምትሄጂው ለምንድን ነው?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የላላ የወረቀት እስር አጠበቀች።

«ጠርሙሱንስ ከደጅ ለምን አታነሺም?»

«ጋሼ፣ ከነገርኩዎት እነሱ ጆሮ ይደርሳል። ከሰሙ ደግሞ በር አይከፍቱልኝም።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሰፈር ሐሜት ነው ብለው ተስፋ አድርገው ነበር።

«እንግዲያው ስሚ። ጠርሙሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይበቃል። ብቻሽን የማንንም በር እንዳታንኳኪ። አንድ ነገር ብሰማ ከትምህርት ቤት ትባረሪያለሽ።»

«አንድ አንድ ጊዜ እንኳ…»

«ጨርሻለሁ።»

በማግስቱ ልጅቷ በዚያ መንገድ አላለፈችም። ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ እያንጎራጎረች ሰፋች።

ከዚያ በኋላ ባለው ጠዋት ግን፣ ገና ሱቋን ከፍታ መኪናዋን ዘይት ስታጠጣ፣ ልጅቷን አየቻት። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ ጆንያ አልያዘችም። ከሰዓት ሠሪው በር ላይ ቆማ አንኳኳች። ጠበቀች። ደግማ አንኳኳች። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። መንገዱን ግራና ቀኝ አየች፤ ሰው የለም። ከዚያ በቤቱ ጎን ተጠማዝዛ ከዓይን ጠፋች።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች ወጣች። «ኧረ ድረሱ! ገባች!»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጥሎ ሮጠ። እየተላጩ የነበሩት ርዕሰ መምህሩም አንድ ጉንጫቸው ላይ አረፋ እንዳለ፣ ፎጣውን ከአንገታቸው ሳይፈቱ ተከተሉ።

የጎኑ መስኮት ተሰብሯል። ልጅቷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ወጥታ ግማሽ አካሏን አስገብታለች፤ ክንዷ ደምቷል። ልብስ ሰፊዋ አንድ እግሯን ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

«ሌባ! እጅ ከፍንጅ!»

«ልቀቁኝ! በናታችሁ ልቀቁኝ!»

«ወዴት ልትገቢ? ምን ልትወስጂ?» ፀጉር አስተካካዩ ወገቧን አቅፎ ወደ ኋላ ሳባት። የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች።

«ያስጠነቀቅኩሽ ከትናንት ወዲያ አይደለም እንዴ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ እያለከለኩ። «ይኸው ነው ቃልሽ?»

ልጅቷ ወደ ጨለማው ክፍል ታይ ነበር እንጂ ወደ እነሱ አልዞረችም። «ዝም በሉ» አለች፣ «እባካችሁ አንዴ ዝም በሉ!»

ዝም ሲሉ፣ ከወለሉ ላይ የሰዓት ሠሪው የሰለለ ድምፅ መጣ፦ «ልጄ… ትናንት ምነው ቀረሽብኝ?»