መጽሐፍ በዝግጅት ላይ

አዲሷ መምህርት አርባ ሁለት ገጽ ጽሑፏን በሁለት እጇ አቅርባ የዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ካኖረች በኋላ አልሄደችም። ወንበር ሳብ አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እርስዎ የእኔን ሲያነቡ እኔ ደግሞ የእርስዎን ባነብ ብዬ ነበር» አለች። «የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ። ቸኩዬ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዶክተር።»

ይቅርታ ስትል ደንገጥ አለ። ተማሪዎቹ እሱ በሌለበት «አባ ይቅርታ» ይሉታል። የፍልስፍና ትምህርት ክፍሉ ድረ ገጽ ላይ፣ ከፎቶግራፉ ሥር፣ «የምርምር መስክ፦ የይቅርታ ፍልስፍና፤ መጽሐፍ በዝግጅት ላይ» የሚለው ከሰፈረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ሲጻፍ ውሸት አልነበረም፤ ያን ሰሞን እውነትም ሊጽፍ ተነስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊዋ በየዓመቱ የመምህራኑን የምርምር ዝርዝር ይዛ ትመጣና «የእርስዎ ያው ነው?» ትለዋለች። «ያው ነው» ይላታል። ቤት ውስጥ ሚስቱ ልጆቹን «አባታችሁ መጽሐፉ ላይ ነው፣ ድምፅ ቀንሱ» እያለች ትቆጣለች፤ እሱ በሩን ዘግቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ካርታ ይጫወታል።

መቼስ በዚህ ኮሪደር ማን ማንን ይጠይቃል? ስለ ጊዜ የሚመራመረው ጎረቤቱ ለስብሰባ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። የሥነ አመክንዮ መምህሩ ከጥበቃዎቹ ጋር ሳይጨቃጨቅ በር አያልፍም።

የሚጠይቅ ሰው ግን ይኸው መጣ።

«እዚያ ውስጥ ነው» አለ፣ ወደ ብረት ቁም ሳጥኑ እያመለከተ። «ቁልፉን ቤት ረስቼው መጣሁ።»

ጸሐፊዋ በተከፈተው በር እያለፈች ነበርና ሰማችው። ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ነው ጉድ ያፈላበት። «ምን ችግር አለ ጋሼ! ትርፍ ቁልፍ እኔ ጋ አለ አይደል እንዴ» አለችና፣ «ተይው፣ ግድ የለም» ብሎ ሳይጨርስ ይዛ ከች አለች።

ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ታጭቆ የኖረ የፈተና ወረቀት ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ከኋላው ሶሉ የተገነጠለ ጫማና አንድ ጃንጥላ ብቅ አሉ። መምህርቷ ተንበርክካ ታነሳ ጀመር። ዝም ብላም አታነሳም፤ ምዕራፉ መሃል ገብቶ እንዳያመልጣት እያንዳንዱን ታገላብጣለች።

«ይሄ ይሆን?» አለች ሰማያዊ ክላሰር ከፍ አድርጋ። የድሮ ቃለ ጉባኤ ነበር።

«ይሄስ?»

ሦስተኛውን ስታነሳ አላስቻለውም።

«የለም» አለ።

«ቤት ነው?»

«ቤትም የለም።»

«ማለት… ገና አላለቀም?»

«አልተጀመረም፣ ልጄ።»

ጸሐፊዋ ቁልፏን በጭብጧ ይዛ ሹልክ ብላ ወጣች። መምህርቷ ግን እንደ ተንበረከከች ቀረች። ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። ብትቆጣ በወደደ።

«እናቴ ብቻዋን ናት» አለች በመጨረሻ፣ አይኗን ከወረቀቶቹ ሳታነሳ። «እሷ ያለችበት ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኝ ነበር። የእርስዎን ገጽ ከፍቼ ሳሳያት፣ ‹ሂጂ፣ እንዲህ ያለ ሰው በየቦታው አይገኝም› አለችኝ።»

አፉን ከፈተ። ማን ለማን፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ሃያ ዓመት ሙሉ አስተምሯል፤ ሌሊት ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት በቃሉ ይወጣዋል። አሁን ግን አንዲቷ ቃል ከአፉ አልወጣችም። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። እሷ ባለችበት መቀመጥ ስላቃተው ጠረጴዛውን ተደግፎ ሊወጣ ተነሳ።

ይሄኔ እሷም ከወለሉ ብድግ አለች። ለሌላ አልነበረም፤ ታላቅ ቆሞ እሷ መቀመጥ አልለመደባትም። አቧራ የለበሰ እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ እስኪያልፍ ድረስ ቆመችለት።