የመጀመሪያዋ ጉርሻ

የበልጉ ዝናብ ባባራ ማግስት ዘነቡ ከልጇ ከትርሲት ጋር ጫካ ወረደች። ከወደቀ ዝግባ ሥር እንጉዳይ በቅሎ አገኙ።

«እማዬ፣ ይኼ የጅብ ጥላ ነው?» አለች ትርሲት።

«አይደለም፤ ይኼስ የሚበላው ነው» አለች ዘነቡ፤ ወዲያው ግን ከንፈሯን ነከሰች።

ትርሲት የተወለደችው በድርቁ ዓመት ነው። ያኔ ሕፃናት ሁሉ መርፌ ተወጉ። የተወጋ ልጅ በቀን አንድ እፍኝ የእርዳታ ዱቄት ይበቃዋል፤ ሌላ ምግብ ከዋጠ ግን ይሞታል። ዘነቡም ልጇን አቅፋ፣ ተሰልፋ አስወጋቻት። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት፣ በአገሩ በረሃብ የሞተ ልጅ የለም።

ቤት ሲገቡ ዘነቡ እንጉዳዩን በሽንኩርትና በቅቤ ሠራችው። እንደ ወትሮዋ ተደብቃ ልትበላ ወደ ጓዳ ስትል ትርሲት ክንዷን ያዘቻት።

«እዚሁ ብዪ። እኔንም አንዴ አጉርሺኝ፤ አኝኬ እተፋዋለሁ።»

«አብደሻል? ብትውጪውስ?»

«አልውጥም። ካንቺ እጅ ጎርሼ አላውቅም እኮ፣ እማዬ።»

ዘነቡ እንጉዳዩን በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ትርሲት ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ አኘከች፤ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። እናቷ የልጇ ጉሮሮ ሊውጥ ሲቃጣው አይታ ደነገጠች። መዳፏን ከአገጯ ሥር ዘርግታ፣

«በቃ፣ የኔ ልጅ፤ ትፊው» አለቻት።

ትርሲት በጣቷ «ትንሽ ቆዪ» የሚል ምልክት ሰጠቻት። ዘነቡም መዳፏን እንደዘረጋች ጠበቀቻት፤ በመጨረሻ ጉርሻው ትኩስ እንደሆነ እጇ ላይ ወደቀ።