ቀለም የተቀቡ አይጦች

ይህ የሆነው በ1978 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የይፋት ቆላ ማሽላ ደርቆ አጨዳ በሚጠብቅበት ወቅት ነው።

ብርሃኔ ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት የመጣው በባዮሎጂ ለሁለተኛ ዲግሪው የሚያበቃውን ምርምር ሊሠራ ነበር። ሥራው በአንድ የማሽላ ማሳ ውስጥ ምን ያህል አይጦች እንዳሉ መገመት ነው። አይጦቹን በሕይወት ይይዛል፤ ጀርባቸውን ወይን ጠጅ ቀለም ቀብቶ ይለቃል፤ ከዚያ እንደገና ያጠምዳል። በሁለተኛው ዙር ከተያዙት መካከል ቀለም ያለባቸው ምን ያህሉ እንደሆኑ አይቶ ጠቅላላውን ያሰላል። ቀለም የተቀባ ካልተመለሰ ስሌት የለም፤ ስሌት ከሌለ ዲግሪ የለም።

ዲግሪ ከሌለ ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና አለ። የብርሃኔ ጥሪ ለጊዜው የተራዘመለት ጥናቱን እስኪጨርስ ብቻ ነበር። የይለፍ ወረቀቱም የሚያበቃው በገና ዋዜማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ አዲስ ፊርማ በከተማው መቆየትም፣ ኬላውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና መውጣትም አይችልም።

ማሳው ከከተማው ወጣ ብሎ በሮቢ ወንዝ ዳር ይገኛል። በሰዓት እላፊው ምክንያት ብርሃኔ ከንጋት በፊት ከከተማው እንዲወጣ አይፈቀድለትም፤ በዚያ ቆላ ደግሞ ፀሐይ ያገኘችው የላሜራ ወጥመድ ውስጥ ያለ አይጥ ተጠብሶ ይሞታል። ስለዚህ ከማሳው አጠገብ የሚኖሩት እትዬ ናፊሳ ጎሕ ሲቀድ ወጥመዶቹን ሰብስበው ከግራሩ ጥላ ሥር ያቆዩለታል። አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። ሐሙስ ሐሙስ ብቻ፣ ለልጃቸው ስንቅ ሊያቀብሉ ወደ እስር ቤቱ ስለሚሄዱ፣ ይቸኩላሉ።

«ይህ ቀለም ለምንድን ነው?» አሉት መጀመሪያ ቀን።

«ተመልሶ ሲያዝ እንድለየው ነው።»

«እንዲያዝ ነው እንዴ የምትለቀው?»

«አዎን፣ እትዬ።»

እትዬ ናፊሳ ሳቁ። «ወላሂ፣ ይህስ የመንግሥት ሥራ ነው!»

ብርሃኔ ደንግጦ ዙሪያውን ቃኘ። ማንም አልነበረም።

ሳምንታት አለፉ። በየማለዳው አዳዲስ አይጦች ይገባሉ፤ ቀለም የተቀባ ግን አንድም የለም። ማጥመጃ የተደረገው ቆሎ ተበልቶ ባዷቸውን የሚገኙ ወጥመዶች ነበሩ። ብርሃኔ ጉንዳን ነው ብሎ አለፋቸው።

ማሳውን የሚያርሰው አብዱሰላም ነበር።

«ዶክተር!» ይለዋል ገና ከሩቅ ሲያየው። «ማሽላዬን የጨረሰ ሌባ ይዘህ፣ ኩለህ ትሸኝልኛለህ? ሽቶስ ለምን ቀረበት?»

«ጥናት ነው፣ ጋሼ።»

«አንተ አጥና። እኔ ግን ያገኘሁትን በዚህ ነው» አለና ዱላውን ከፍ አደረገ። ጫፉ ላይ የደረቀ ደም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ብርሃኔ ሌላ ምክንያት አልፈለገም። እሱ ሲለቅ አብዱሰላም ይገድላል። ማታ ማታ በተከራያት ክፍል ተጋድሞ፣ ሽቅብ ወደ ጣርማ በር ዳገት የሚያቃስቱትን የጭነት መኪኖች እያዳመጠ፣ የዚያን ሰው ዱላ ያስባል።

የይለፍ ወረቀት የሚፈርመው ካድሬ፣ አንድ ገበሬ አይጦቹን እየገደለ ጥናቱን እንዳሰናከለበት ብርሃኔ ሲነግረው፣ በትዕግሥት ሰማው።

«ይህማ አሻጥር ነው» አለ። «ስሙን ስጠኝና ወረቀትህን አራዝምልሃለሁ።»

«ባልሰጥስ?»

«ባትሰጥማ መለዮ ይጠብቅሃል፣ ጓድ።»

ብርሃኔ ሁለት ቀን እንዲታገሠው ለመነ። በማግስቱ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ ለእትዬ ናፊሳ ነገራቸው።

«ነገ የአብዱሰላምን ስም ልሰጥ ነው።»

«ልጆች አሉት እኮ።»

«እኔስ? እዚሁ ታንቄ ልቅር?» አለ። ድምፁ ከፍ ማለቱ አሳፈረውና ቀስ ብሎ ጠየቀ። «የእርስዎስ ልጅ መቼ ይፈታል?»

«ተፈትቶ ነበር፤ ደግመው አሰሩት» አሉ።

በማግስቱ ብርሃኔ ወጥመዶቹን አንድ በአንድ ሲከፍት እጁ ቀጥ አለ። ጀርባው ወይን ጠጅ የሆነ አይጥ ከጥጉ ተሸጉጦ ያየዋል።

«ይኸው በሕይወት አለ» አሉ እትዬ ናፊሳ፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ እንዳዞሩ። «ሰውየው አልገደለም።»

ብርሃኔ ስም ሳይሰጥ ቀረ።

ሌላ ቀለም የተቀባ አይጥ እስከ መጨረሻው አልመጣም። ለካድሬው ስም፣ ለራሱም ስሌት አልነበረውም፤ ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ካልተገደሉ ለምን አይመለሱም? መልሱን ሲያገኝ ተነሥቶ ቆመ። ፈርተው ነው! አንድ ጊዜ የተዘጋበት ፍጡር ወጥመድን ለዘላለም ያውቃል፤ ዳግመኛ አይገባም። የተመለሰው አንዱ ከሕጉ የወጣ ነው። የጥናቱን ርእስ በዚሁ ለወጠ፤ በገና ዋዜማ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ፈታኞቹ ጥናቱን አመሰገኑ። ብርሃኔ መለዮ ሳይለብስ ዲግሪውን ለበሰ። መምህር ሆኖ ያንን ግኝት ለብዙ ዓመታት፣ ሁልጊዜም በጥቂት ኩራት፣ አስተማረ።

መንግሥት ከተለወጠ ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ደሴ ሲያልፍ ሸዋ ሮቢት ላይ ወረደ። እትዬ ናፊሳ ሞተዋል። አብዱሰላም አርጅቶ ከመንገዱ ዳር ማንጎ ይሸጣል፤ ወዲያው ዐወቀው።

«የእርስዎ አይጦች ለወግ ለማዕረግ አበቁኝ፣ ጋሼ» አለው ብርሃኔ። «አንድ ጊዜ የተያዘ ተመልሶ እንደማይገባ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።»

«ተው እንጂ ዶክተር!» አለ አብዱሰላም። «ቀለም የተቀቡትማ በየሌሊቱ ይገቡልህ ነበር፤ ናፊሳ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ‹አንዴ የተፈታ ደግሞ አይታሰርም› እያሉ ከመምጣትህ በፊት የሚለቋቸው፤ ያንን አንዱን ያስቀሩት እኔን ከካድሬው ሊያስጥሉ ነው።»